ከኢባዳን እስከ ቡታጅራ፦ ስለ አልዛይመር ፕሮቲኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት
ለሀገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአልዛይመር ፕሮቲኖች ላይ የሚደረገው ምርምር ኢትዮጵያውያን አረጋውያንን እንዲያካትት ስለመጠየቅ

በ1992 እጅግ በተራራቁ ሁለት ከተሞች ውስጥ አንድ ዓይነት መጠይቅ የያዙ ሰዎች የአረጋውያንን በር ማንኳኳት ጀመሩ (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛዋ የአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ናት፤ ሁለተኛዋ የናይጄሪያዋ ኢባዳን። በኢንዲያናፖሊስ የተጠየቁት አፍሪካ አሜሪካውያን ነበሩ፤ በኢባዳን ዮሩባዎች፤ ሁሉም 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው። እነ ሂዩ ሄንድሪና አዴሶላ ኦጉኒዪ ያሉበት ቡድን መጠይቁን ያሰናዳው ፊደል ያልቆጠረ ሰውም እንዲፈተንበት አድርጎ ነው፤ ጠያቂው አረጋዊውን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚኖረውን ዘመድም ያነጋግራል። ውጤቱ በ2001 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በኢንዲያናፖሊስ ከ100 አረጋውያን መካከል በየዓመቱ 2.52 ያህሉ በአልዛይመር ሲያዙ በኢባዳን የተያዙት 1.15 ያህል ነበሩ። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹን ያስገረመው ግን ከቁጥሩ ጋር የመጣው የደም ውጤት ነው። አፖሊፖፕሮቲን ኢ፣ በአጭሩ አፖኢ፣ 299 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ፕሮቲን ሲሆን በአንጎል ውስጥ ኮሌስትሮል ያመላልሳል። በ112ኛው ቦታ ላይ ያለችው አንዲት አሚኖ አሲድ ስትለወጥ አፖኢ3 የሚባለው ዓይነት አፖኢ4 ይሆናል። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አለን ሮዝስና ባልደረቦቹ በ1993 እንዳሳዩት አፖኢ4 ያለበት ሰው ለአልዛይመር ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ በአውሮፓውያን ዘንድ አንድ ቅጂ የወረሰ ሰው ሦስት እጥፍ ያህል፣ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ። ዮሩባዎች አፖኢ4 አላነሳቸውም፤ እንዲያውም በርካታ ሰው ይዞታል። ሆኖም በእነርሱ ዘንድ ጂኑና በሽታው ያላቸው ዝምድና መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አልታይ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ብዙ ሰው ተጨምሮ ሲታይም ደካማ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው እንቆቅልሹ ኢትዮጵያንም ስለሚመለከት ነው። የአልዛይመር ሞለኪውላዊ መንስኤ ተብሎ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ታሪክ በአብዛኛው ከአውሮፓውያንና ከዘሮቻቸው ደምና አንጎል የተቀዳ ነው። ታሪኩ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። ሚኒስቴሩና ተቋማቱ የትኛው ክፍል እንደጎደለ ለማየት ታሪኩን ከሥሩ ቢከተሉት ይበጃል።

በኖቬምበር 1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ውስጥ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ባሏን ያለ ምክንያት ትጠረጥራለች፣ ዕቃ ትደብቃለች፣ ስሟን እንድትጽፍ ስትጠየቅ ጀምራ ታቋርጠዋለች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር ጥያቄውንም መልሷንም መዘገበ። በ1906 ስትሞት አንጎሏ ወደ ሙኒክ ተላከለት። በብር ውሕድ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ሁለት ነገር አየ፦ ከነርቭ ሕዋሳቱ ውጭ እንደ እድፍ የተከማቸ ነገር፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተጠላለፉ ክሮች። በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ቢያቀርበው የረባ ጠያቂ እንኳ አላገኘም። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ለበሽታው የአልዛይመርን ስም ሰጠው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በሽታው በጎልማሳነት ዕድሜ ያሉ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ብርቅ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። ሽማግሌ ሲረሳ አውሮፓም እንደኛው ሀገር «ዕድሜ ነው» ብላ አለፈችው። ሁለቱ አንድ በሽታ እንደሆኑና ከገዳዮቹ በሽታዎች ተርታ እንደሚሰለፉ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን አጥብቆ የጻፈው በ1976 ነው። ስለዚህ አንድ የገጠር ቤተሰብ አያቱን «ጃጁ» ብሎ ቢተዋቸው ሊወቀስ አይገባም፤ የዓለም ሕክምናም ሲል የኖረው ይህንኑ ነው።

እድፉ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ 78 ዓመት ፈጀ። በ1984 ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ ሳን ዲዬጎ ላይ የአንጎልን ሽፋን የደም ሥሮች ወስደው ያንን ግትር ነገር አሟሙተው ቅደም ተከተሉን አነበቡ፤ አሚሎይድ ቤታ የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ተገኘ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥም ያው ፕሮቲን ስለነበረ የጂኑ ቦታ 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ፤ እነዚህ ሰዎች ያ ክሮሞዞም ሦስት ነውና። ግምቱ በ1987 ልክ ሆኖ ተገኘ። ግሌነር ራሱ በ1995 የሞተው ሌላ ዓይነት አሚሎይድ ልቡ ላይ ተከማችቶበት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ባጠናው የበሽታ ዓይነት።

አሚሎይድ ቤታ ከውጭ የሚመጣ መርዝ አይደለም። በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥም በየዕለቱ ይመረታል። የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የሚገኝ ኤፒፒ የሚባል ረጅም ፕሮቲን አለ። ቤታ ሴክሬቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሽፋኑ በላይ ይቆርጠዋል፤ ጋማ ሴክሬቴዝ ደግሞ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ። በሁለቱ ቆረጣ መካከል የሚቀረው ቁራጭ ነው አሚሎይድ ቤታ። ሁለተኛው ቆረጣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ አንዳንዴ 40፣ አንዳንዴ 42 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ያወጣል። የሁለት አሚኖ አሲድ ልዩነት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ባለ 42ቱ ከውኃ ይሸሻል፣ ከመሰሎቹ ጋር ይጣበቃል፣ መጀመሪያ ትንንሽ ጓል፣ ቀጥሎ ክር፣ በመጨረሻም አልዛይመር ያየው ክምችት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ሰውየው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ መርሳት ከመጀመሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ለዚህ አስረጂ የሆኑት ቤተሰቦች ናቸው። በ1980ዎቹ ካሮል ጄኒንግስ የተባለች እንግሊዛዊት መምህርት ለለንደን ተመራማሪዎች ደብዳቤ ጻፈች፤ አባቷና ከወንድምና እኅቶቹ በርካታዎቹ ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ በዚህ በሽታ መያዛቸውን አስረዳች። እነ ጆን ሃርዲና አሊሰን ጎት የቤተሰቡን ደም መርምረው በ1991 በኤፒፒ ጂን ላይ ያለውን ለውጥ አገኙ። ለአልዛይመር መንስኤ መሆኑ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የጂን ለውጥ ይህ ነበር። በ1995 በቶሮንቶ የሚመራ ቡድን ፕሪሰኒሊን 1 የተባለውን ጂን ጨመረበት፤ የሚሠራው ፕሮቲን የጋማ ሴክሬቴዝ ዋና ክፍል መሆኑ ኋላ ታወቀ። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በ2012 ከአይስላንድ የመጣው ግኝት አለ። በኤፒፒ ላይ ሌላ ለውጥ የያዙ ጥቂት ሰዎች የሚያመርቱት አሚሎይድ 40 በመቶ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ ሲያረጁም ከአልዛይመር የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። ምርቱ ሲበዛ ወይም ሲበላሽ በሽታ፣ ሲያንስ ጥበቃ። አሚሎይድ በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም የሚሉ ሁሉ ይህን ማስረጃ መመለስ አለባቸው።

ከሁሉም ግን የኮሎምቢያው ታሪክ የኢትዮጵያን ተቋማት በቅርብ ይመለከታል። በአንቲዮኪያ ተራሮች 6,000 ያህል አባላት ያሉት የተዛመደ ሕዝብ አለ፤ ከእነርሱ 1,200 የሚሆኑት በፕሪሰኒሊን 1 ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ወርሰዋል። ለውጡን የያዘ ሰው በ44 ዓመቱ ገደማ መርሳት ይጀምራል፣ ሃምሳ ሳይሞላው ራሱን ችሎ መኖር ያቅተዋል። የሜዴይን ከተማው የነርቭ ሐኪም ፍራንሲስኮ ሎፔራ ከ1980ዎቹ አንስቶ በ2024 እስኪያርፍ ድረስ፣ በሽምቅ ውጊያው ዘመን ጭምር፣ መንደር ለመንደር እየዞረ የዘር ሐረጋቸውን መዝግቧል። የልደትና የሞት መዝገብ ከየቤተ ክርስቲያኑ ሰበሰበ፣ ደም ወሰደ፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድም የሟቾችን አንጎል አስቀመጠ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንዲት እናት ወጡ። ለውጡን ይዘዋል፤ በሽታው ግን በአርባዎቹም በሃምሳዎቹም አልመጣም፤ መጠነኛ የመርሳት ምልክት የታየባቸው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ፔት በተባለው የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ሲታዩ አንጎላቸው በአሚሎይድ የተሞላ ነበር፤ ከሌሎቹ ዘመዶቻቸው የባሰ። ታው የተባለው ሌላው ፕሮቲን ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2019 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣው ማብራሪያ፣ እኚህ ሴት ክራይስትቸርች የሚባለውን እጅግ ብርቅ የአፖኢ3 ለውጥ ከእናትም ከአባትም መውረሳቸውን አመለከተ። ከዚህ የተነሳ ዛሬ ያንን ለውጥ የሚያስመስሉ መድኃኒቶችን ለመሥራት የሚደክሙ ቤተ ሙከራዎች አሉ። የአንዲት የገጠር እናት ደም ይህን ያህል ያስተማረው ቀድሞ የተያዘ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ታው ምንድን ነው? በ1975 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በማርክ ኪርሽነር ቤተ ሙከራ የተገኘ ፕሮቲን ነው። የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክንድ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች ተዘርግተዋል፤ ምግብና መልእክት የሚጓጓዘው በእነርሱ ላይ ነው። ታው ቱቦዎቹን ይዞ የሚያጸና ነው፤ ለጭቃ ቤት ግድግዳ ማገር እንደሆነው። በአልዛይመር ጊዜ ፎስፌት ይበዛበትና ከቱቦው ይለቃል፣ ተጣጥፎ ከመሰሎቹ ጋር ይተሳሰራል፤ አልዛይመር በሕዋሳቱ ውስጥ ያያቸው የተጠላለፉ ክሮች ይሆናል። ፍራንክፈርት ላይ ሃይኮና ኤቫ ብራክ የተባሉ ባልና ሚስት በ1991 እንደደረደሩት፣ ክሮቹ ከማስታወሻው ክፍል አካባቢ ተነስተው በሚታወቅ መንገድ ወደ ቀሪው አንጎል ይስፋፋሉ። ሕመምተኛው ምን ያህል እንደረሳ የሚናገረው ከአሚሎይዱ ብዛት ይልቅ የታው መስፋፋት ነው። በ2017 የካምብሪጆቹ ሚሼል ጎደርትና ሾርስ ስኬረስ ከአንድ ሕመምተኛ አንጎል የተወሰደውን የታው ክር እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ለመለየት በሚያስችል ጥራት አሳዩ። በኋላ ሌሎች በሽታዎች ሲጠኑ ያው ፕሮቲን በየበሽታው ሌላ ሌላ አተጣጠፍ እንዳለው ታየ፤ የቦክሰኞች አንጎል ጉዳት አንድ ዓይነት፣ የፒክ በሽታ ሌላ፣ አልዛይመር ሌላ።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ፍርድ፣ በመስኩ የብዙዎች ፍርድ እንደሆነው፣ አሚሎይድ ነገሩን ይለኩሳል፣ ታው ያዳርሰዋል፣ አፖኢ ደግሞ የሁለቱንም ፍጥነት ይወስናል የሚል ነው። ይህ ማለት መስኩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2006 ኔቸር ላይ የወጣና የመርሳት መንስኤ ነው የተባለ ልዩ የአሚሎይድ ጓል አገኘሁ ያለ ጽሑፍ፣ ምስሎቹ ተነካክተዋል የሚል ምርመራ በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ ከታተመ በኋላ፣ በጁን 2024 ተሽሯል። በሺዎች ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ ነበር። መሻሩ ብዙ ሰው የአሚሎይድ ጥናት በሙሉ ውሸት ነው ብሎ እንዲያስብ አደረገ፤ ነገር ግን የለንደኑ፣ የአንቲዮኪያውና የአይስላንዱ ማስረጃ በዚያ ጽሑፍ ላይ አልተመሠረተም።

መድኃኒቱም ብዙ ወድቆ ተነስቷል። አሚሎይድን በክትባት ለመጥረግ የተጀመረው ሙከራ 6 በመቶ ያህሉን ተከታቢዎች የአንጎል ብግነት ስለያዛቸው በ2002 ቆመ። ጋማ ሴክሬቴዝን የሚያግደው መድኃኒት በ2010 ሕመምተኞቹን አባሰ። አዱካኑማብ የተባለው በ2021 የአማካሪዎች ተቃውሞ እያለ በአሜሪካ ተፈቅዶ በ2024 አምራቹ ራሱ ትቶታል። ሌካነማብ ግን ተሳካለት፤ መጠነኛ ቢሆንም። መነሻው ስዊድናዊው ላርስ ላንፌልት በ2001 በአንድ ቤተሰብ ላይ ያገኘው የኤፒፒ ለውጥ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያነጣጥረው ክር ከመሆኑ በፊት ባለው የአሚሎይድ ጓል ላይ ነው። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበትና 18 ወር በፈጀው ሙከራ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ አዘገየ፤ በ18 ነጥብ መለኪያ ሲታይ ልዩነቱ 0.45 ነበር። ሕመምተኛው ራሱ ልብ ይለዋል ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ዋጋው አሜሪካ ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር።

አሁን የኢባዳን እንቆቅልሽ ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ የሕክምና ጉዳይ የሚሆንበት ቦታ ላይ ተደርሷል። በዚያ ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው አንጎላቸው ላይ እብጠት ታየ። አፖኢ4ን ከእናትም ከአባትም በወረሱት ላይ ይህ 32.6 በመቶ ደረሰ፤ በሌላቸው ላይ 5.4 በመቶ ብቻ። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ኮሚሽን በኤፕሪል 2025 መድኃኒቱን ሲፈቅድ ሁለት ቅጂ ያላቸውን አስቀርቷል። ጥሩ፤ ግን ይህ ቁጥር ከማን የተገኘ ነው? በሙከራው ከተሳተፉት መካከል ጥቁሮች ከ100 አምስት አይሞሉም ነበር። አፖኢ4 በዮሩባ ደም ውስጥ ሲሆን በበሽታው ላይ ያለው ጉልበት ከተለየ፣ በመድኃኒቱ ጉዳት ላይ ያለው ጉልበትም አንድ ዓይነት ነው ብሎ ለመናገር ምን ማስረጃ አለ?

የልዩነቱ ምክንያት በከፊል እየተገለጠ ነው። በ2018 በፖርቶ ሪኮ ሰዎችና በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ 19ኛው ክሮሞዞም ላይ አፖኢ በተቀመጠበት ሰፈር ያለው ዲኤንኤ ከአፍሪካ የተወረሰ ሲሆን የአፖኢ4 ጉዳት እንደሚቀንስ አሳየ። ሰውየው በአጠቃላይ ምን ያህል አፍሪካዊ ነው የሚለው ሳይሆን ያቺ ቁራጭ ከየት መጣች የሚለው ነው ወሳኙ። ተከታይ ጥናቶች እንዳመለከቱት በአፍሪካዊው ቁራጭ ላይ ያለ አፖኢ4 ጂን የሚያመርተው ፕሮቲን ያንሳል።

እዚህ ላይ ነው ኢትዮጵያ ማንም የማይተካት የምትሆነው። በ2012 የታተመ የጂን ጥናት እንደገመተው፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ጂኖም ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶው ወደ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች ጋር በመቀላቀል የተገኘ ነው። በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ዲኤንኤ፣ በ2015 ተነቦ ሲወጣ፣ ከቅልቅሉ በፊት የነበረውን ኢትዮጵያዊ አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ አዲስ አበቤ ውስጥ አፖኢ የተቀመጠበት ቁራጭ አፍሪካዊው ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ የመጣው ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ከእናት ሌላው ከአባት ሊሆንም ይችላል። አንድ ምግብ የሚበሉ፣ በአንድ ከፍታ ላይ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ኑሮ ያላቸው እኅትማማቾች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። የኢባዳንና የኢንዲያናፖሊስ ንጽጽር ደካማ ጎን ምግቡም፣ የደም ግፊቱም፣ ትምህርቱም አብሮ መለያየቱ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የጂኑን ሥራ ከኑሮው ሥራ በአንድ ቀበሌ ውስጥ መለየት ይቻላል።

ጊዜውም እየገፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የመርሳት ሕመም ያለባቸውን 57 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል፤ ከእነርሱ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ሀገሮች ነው። በ2022 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ ትንበያ ደግሞ ከ2019 እስከ 2050 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ የሕመምተኞቹ ቁጥር በ443 በመቶ እንደሚጨምር ገምቷል፤ በዓለም ከታዩት ከፍተኛ ጭማሪዎች አንዱ ነው። ትንበያ ትንበያ ነው፤ በተለይ መነሻው መረጃ ቀጭን ሲሆን። ይህ ራሱ ለመቁጠር አንድ ምክንያት ነው።

ሚኒስቴሩ ከባዶ እንዲነሳ አይጠየቅም። ቡታጅራ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልደትና ሞት ሲመዘገብ፣ የአእምሮ ሕመምም ቤት ለቤት ሲጠና ኖሯል፤ ለኢትዮጵያ ትንሿ አንቲዮኪያ ልትሆን የምትችል ቦታ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር በተሳተፈበት የስኪዞፍሬንያና የባይፖላር የዘረመል ጥናት ኢትዮጵያውያን ፈቃዳቸውን ሰጥተው ምራቃቸውን ለግሰዋል፤ ሰው በአግባቡ ከተነገረው እምቢ አይልም ለማለት ያስደፍራል። አርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ የደም ናሙና ማቆየት ልማዱ ነው። አማኑኤል ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ ሕመምተኛውን የሚያይ ሐኪም አላቸው።

ከዚህ ሌላ የጎደለው የደም ምርመራው ነበር፤ እርሱም መጥቷል። ቀደም ሲል በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ መኖሩን ለማወቅ ወይ የፔት መሣሪያ ወይ ከወገብ የሚቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽ ያስፈልግ ነበር። በ217ኛው ቦታ ላይ ፎስፌት የተጨመረበት ታው በደም ውስጥ እንደሚለካና በሽታውን ከሌሎች እንደሚለይ በ2020 ታየ፤ አንቲዮኪያውያኑ በዚያም ጥናት ውስጥ ነበሩ። በሜይ 2025 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህንኑ ታው ከአሚሎይድ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ከክንድ የሚወሰድ ጥቂት ደም፣ ደሙን የሚያጣራ መሽከርከሪያ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚደርስለት ማቀዝቀዣ፤ መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

የምርመራው ልኬት ግን ከስዊድን ወይም ከአሜሪካ እንዳለ ተገልብጦ ሊመጣ አይገባም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሽታው ሳይኖርበትም ይህ ታው በደሙ ይበዛል፤ የሰውነት ክብደትም ያዛባዋል። ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ አብሮ ካልተሠራ፣ ደም ግፊቱና ስኳሩ ሳይታከም የኖረ አረጋዊ ያለ በሽታው አልዛይመር ሊባል ነው። የማስታወስ ፈተናውም እንዲሁ። መቶን በሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ወይም ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ የሚጠይቅ ፈተና፣ ትምህርት ቤት ያልገቡትን እናት ሳይታመሙ ይጥላቸዋል። የሚሻለው እንደ ኢባዳኑ ልጃቸውንም መጠየቅ ነው፦ የገበያ ሒሳብ ይሳሳታሉ? የጎረቤት ሠርግ የማን እንደነበር ያስታውሳሉ? ዕድሜያቸው ራሱ በመታወቂያው ላይ ካለው ይልቅ አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ልጅ ወልደው ነበር በሚለው ይበልጥ ይታወቃል።

ወባና የሳንባ ነቀርሳ እያሉ፣ እናቶች በወሊድ እየሞቱ ስለ ፕሮቲን አተጣጠፍ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በጀቱ ከእነዚያ ይወሰድ ብሎ የሚከራከር ሰው ካለም ስህተት ነው። ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ለማስታወስ ምርመራ ከመጡት አረጋውያን መካከል የሚታከም ምክንያት ያለባቸው ይገኛሉ፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ ከመውደቅ የተነሳ የራስ ቅል ውስጥ የደም መጠራቀም። ለእነዚህ ሰዎች ጥናቱ በዚያው ሳምንት ይጠቅማቸዋል። በሌላ በኩል የላንሴት ኮሚሽን በ2024 እንዳስቀመጠው፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ 45 በመቶ የሚሆነው የመርሳት ሕመም እንደ ደም ግፊት፣ የመስማት ችግርና የትምህርት እጦት ያሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን በማስወገድ ሊዘገይ ወይም እንዳይከሰት ሊደረግ ይችላል። የአንዲት ጤና ኬላ ሠራተኛ የደም ግፊት መለኪያ የፕሮቲን ምርምሩ ተቀናቃኝ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን ሊሠሩ ይችላሉ።

ናሙናውስ የማን ይሆናል? በብልቃጥ ወጥቶ በውጭ ሀገር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀር፣ ከዓመታት በኋላ በሌሎች ስም በመጽሔት የሚመለስ ደም አዲስ ታሪክ አይሆንም። የናሙናው ግማሽ ሁልጊዜ አዲስ አበባ እንዲቀር፣ ወደ ውጭ የሚሄደውም ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አብሮ በሚሠራበት ውል እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን መጻፍ አለበት። የአንጎል ልገሳ ጉዳይ ከቀብር ሥርዓትና ከእምነት ጋር ስለሚገናኝ ለጊዜው ቢቆይ ይሻላል፤ ደሙ ብቻውን ለብዙ ዓመት የሚበቃ ሥራ አለው። ለቤተሰቡ ምን ይነገር የሚለውም እንዲሁ አስቀድሞ ይወሰን። መድኃኒቱ ሀገር ውስጥ ሳይኖር ለአንድ ጤነኛ የስልሳ ዓመት ሰው «አፖኢ4 አለብዎት» ብሎ ማስደንገጥ ምንም አይጠቅምም፤ በተለይ ያ ቃል ለኢትዮጵያዊ ምን ማለት እንደሆነ ገና ባልታወቀበት ጊዜ።

በመሆኑም ሚኒስቴሩ ከአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩትና ከሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ጋር ተቀምጦ፣ ቡታጅራ ላይ የሚጀመር፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ የከተማ ቡድን የሚጨመርበት፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል የማስታወስና የደም ፕሮቲን ጥናት እንዲያቋቁም፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውን ተቋም እንዲሰይም፣ ውሳኔውንም ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት ይጠየቃል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በአሜሪካና በአውሮፓ ወላጆቻቸውን ለሚያስታምሙ ኢትዮጵያውያን

መድኃኒቶቹ እናንተ ባላችሁበት ሀገር አሉ። ሐኪሙ ሌካነማብን ወይም የእርሱ ዓይነት የሆነውን ዶናነማብን ሲያነሳባችሁ፣ የመጀመሪያው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት የአፖኢ ምርመራ እንዲሠራ ጠይቁ። እናት ወይም አባት ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠየቅ ንገሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታዘዘው የኤምአርአይ ክትትልም እንዳይቀር። ከራስ ምታት ጋር ግራ መጋባት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው። ወላጆቻችሁ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ በምትኖሩበት ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ በአልዛይመር ጥናቱ እንዲመዘግባቸው ጠይቁ፤ የትውልድ ሀገር በሚለው መስመር ላይ «አፍሪካ» ብቻ ሳይሆን «ኢትዮጵያ» ተብሎ መጻፉንም አረጋግጡ።